ጅማ ውስጥ እኔ ብቻ የማውቀው ቋንቋ

ወሬው የደረሰኝ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ከቤቴ በታች ካለው ጉልት ቁጢጥ ብዬ ደረቁን ከበሰበሰው ስለይ ከድር መጥቶ ከአጠገቤ ቆመ። ከድር የጌራ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ መዛኝ ነው፤ ገበሬው ያመጣውን እሸት ቡና ሚዛን ላይ እያወጣ ኪሎውን ታብሌት ላይ ይመዘግባል። ሌላ ጊዜ ሲያየኝ ከሩቅ «አዴ!»፣ እትዬ ማለቱ ነው፣ ብሎ የሚጮኸው ሰውዬ ያን ዕለት አንገቱን ደፍቷል።

«አዴ ዘይነባ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥዎት።»

የያዝኩት ሽንኩርት ከእጄ አመለጠ። ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው ደሴ ያለችው እናቴ ነች። «ኢና ሊላሂ! ማን ሞተ?»

«ኧረ ሰውስ ደህና ነው። ሲስተሙ ነው።»

«የቱ ሲስተም?»

«የእርስዎ ነዋ! ያ የጻፉት የቡና መመዝገቢያ። በሌላ ሊለውጡት ነው። ከባዳ ከሚሰሙት እኔው ላርዳዎት ብዬ ነው።»

ሽንኩርት ሻጯ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ አየችና «ስንት ዓመቱ ነበር?» አለች።

«ዘጠኝ ሊሞላው ነበር» አላት ከድር።

«ወይኔ! ገና ሕፃን!» ብላ አንድ ሽንኩርት ጨመረችልኝ።

ለቅሶ ደራሹ ሳይበዛ የሟቹን ታሪክ እኔው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት። ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመቴ ነው፤ ጊዜ አለኝ። ከሶላቴና ከጓሮዬ የተረፈውን ሰዓት ለዚህ አደርገዋለሁ።

የደሴ ልጅ ነኝ። ሒሳብ ተምሬ ስጨርስ ዕጣዬ ጅማ ወጣ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ግድ የለም፣ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ትመለሻለሽ» ብሎ አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ። ይኸው ፀጉሬ እዚሁ ነጣ። በየዒዱ ወደ ደሴ እደውላለሁ፤ በየዒዱም እናቴ «መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። ሥራዬን ብዙ ጊዜ አስረድቻታለሁ፤ ለጎረቤት ስታወራ ግን «ጅማ ቡና ትነግዳለች» ነው የምትለው።

የመጀመሪያ ምድቤ አጋሮ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ አለቃዬ ግን ሚስቱ በሠራችው ዳንቴል ሸፍኖ ይቆልፍበታል። እኔ ሪፖርቱን በእጄ እጽፋለሁ። ከላይ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይገለጣል፤ እኔ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፤ ሳይበራ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ። እንግዳው ሲሄድ ዳንቴሉ ይመለሳል። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ለሳሙናና ለትራንስፖርት ይበቃ ነበር፣ አልሃምዱሊላህ።

ሥራ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የጅማ ዙሪያ ቡና ገበሬዎች ማኅበራትን የሚያስተባብር ዩኒየን ውስጥ ገብቼ ከጋሽ ታደሰ ጋር ስገናኝ። ጋሽ ታደሰ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ክፍሉ ማለት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ስመጣ ሁለት ሆነ።

የጋሽ ታደሰ አሠራር እንደ ማንም አልነበረም። ፕሮግራም ጻፉ ሲባሉ መጀመሪያ አይጽፉም። ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ጣቢያ ይወርዱና ቀኑን ሙሉ ሚዛኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። «ዝም ብለሽ እዪ» ይሉኛል። «ሰው ሲሳሳት እዪ። ትክክለኛውንማ ማንም ይነግርሻል።» ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ ወረቀት ላይ ያትሙትና ዘበኛውን ጠርተው ቆመው ያነቡለታል፤ «ገበሬው መጣ፤ ቁጥሩን ጠየቅነው፤ ቁጥር ከሌለው ወደ ሁለተኛው እንሄዳለን» እያሉ በአማርኛ። ዘበኛው ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም፤ ግን ጨዋ ሰው ነውና ያዳምጣል። እንቅልፍ የጣለው ቦታ ላይ ጋሽ ታደሰ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምራሉ። «እዚህ ጋ ተንዛዝቷል» ብለው ያሳጥሩታል። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ዘበኛው ካንቀላፋበት በኋላ የተስተካከለ ፕሮግራም ተበላሽቶ አላየሁም።

እሳቸው ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ ክርስቲያን ነበሩ፤ ረቡዕና አርብ ይጾማሉ። እኔ ሰኞና ሐሙስ ሱናውን እጾማለሁ። አብረን ምሳ የምንበላው ማክሰኞ ብቻ ነበር። ስለዚህ የክፍላችን ትልልቅ ውሳኔዎች ሁሉ የተወሰኑት ማክሰኞ፣ ሽሮ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሟቹ ልምጣ።

እሸት ቡና አይጠብቅም። ጠዋት የተለቀመው በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፤ ይቦካል፤ የቦካ ቡና ታጥቦም ያው የቦካ ነው። ለገበሬው የዓመት ልፋቱ ነው የሚበላሸው። በድሮው ፕሮግራማችን ግን የአንዱ ጣቢያ መስመር ሲቋረጥ የሌሎቹም ምዝገባ አብሮ ይደርቃል። ጌራ ዝናብ ዘንቦ ኔትወርክ ከጠፋ ሊሙ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሰው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይሰለፋል። ጋሽ ታደሰ ሲጠግኑ፣ እኔ ሳግዝ፣ ጥገናው ከልብሱ በዛ። በአዲስ መልክ ካልተጻፈ እንደማይሆን ተስማማን። በምን ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ነበር ጥያቄው።

ያን ጊዜ ነው ኢንተርኔት ላይ ስቃርም ኤሊክሰር የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ያገኘሁት። ብዙ ሰው አያውቀውም። መሠረቱ የስልክ ማዞሪያ ለሚሠሩ ሰዎች የተፈጠረ ነው፤ ሺህ ሰው በአንዴ ሲነጋገር የአንዱ መስመር ቢበላሽ የሌላው ወሬ እንዳይቋረጥ። ሳነበው ለእኔ ችግር ካልሆነ ለሌላ የጻፉት አልመሰለኝም። ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን ነው የወሰደብኝ፤ ምሳ ረሳሁ፣ ያውም ማክሰኞ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ነዚፍ ነበር። የጅሬን ሰው ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያቱ ነጋዴ። አማርኛውም ኦሮምኛውም ከአንድ አፍ ነው የሚወጣው፤ ሲጨንቀው ግን «ማሎ» ይላል፣ እባክሽ ማለቱ ነው።

«ስሙ ማን ነው አልሽኝ?»

«ኤሊክሰር።»

«የሽቶ ስም ይመስላል። እሺ፣ ምን ያደርጋል?»

«ሥራውን ለብዙ ትንንሽ ሠራተኞች ያከፋፍላል። አንዱ ሲሳሳት እሱ ብቻ ይወድቃል፤ ሌሎቹ አይሰሙም። የወደቀውን የሚያስነሳ ጠባቂ አለ። የቋንቋው ሰዎች መርሕ ‹ይውደቅ ተዉት› የሚል ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን መዋጥ ነበረብኝ።

«ማሎ ዘይነባ! ይውደቅ? የሰው ቡና ይዞ ይውደቅ?»

«ወድቆ ይነሳል።»

«እኔ የማይወድቀውን ነው የምፈልገው።»

«የማይወድቅ የለም አቶ ነዚፍ። መውደቁን የሚያውቅና የማያውቅ ነው ያለው።»

አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ጅማ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?»

«አሁን?»

«አሁን።»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«እኔም ገና እየተማርኩ ነው።»

«አንቺ ብትታመሚስ?»

«አላህ አያድርገው።»

«አሚን። ግን ‹አላህ አያድርገው› የሚል መደብ በጀታችን ውስጥ የለም።»

ልክ ነበር። የታወቀውን ቋንቋ ብንመርጥ፣ እኔ ነገ ብሞት ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ አምስት ልጅ ይገኛል። ያልታወቀውን ብንመርጥ ገበሬው ዝናብ ሲዘንብ አይሰለፍም፤ እኔ የሞትኩ ዕለት ግን ሁሉም ይሰለፋል። እኔ ደግሞ ጫማ እንኳ ስገዛ ሦስት ሱቅ የምዞር ሰው ነኝ። ጨነቀኝና «ኢስቲኻራ ልስገድበት» አልኩት።

ኢስቲኻራ ሁለት ረከዓ ሰግዶ «ያ ረቢ፣ ይህ ነገር ኸይር ከሆነ አግራልኝ፣ አቅልልኝ፤ ካልሆነ እሱን ከእኔ፣ እኔንም ከእሱ አርቅ» ብሎ መለመን ነው። ሰው ለጋብቻ ይሰግደዋል፤ ቤት ሊገዛም ይሰግደዋል። ለኮምፒውተር ቋንቋ የሰገደ ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። አቶ ነዚፍ ግን የዲን ሰው ነውና በአንዴ ድምፁ ለስለስ አለ። «ቶሌ» አለኝ፤ ይሁን ማለቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ምን ታየሽ?»

«ኢስቲኻራ ሕልም ማየት አይደለም አቶ ነዚፍ። ነገሩ ሲገራ ነው የሚታወቀው።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ምን ታየሽ?»

ለጥቂት ቀን እንዲህ ስንባባል ሰነበትንና አንድ ጠዋት ሰልችቶኝ እውነቱን ነገርኩት። «አህያ አየሁ።»

«የጫነ ነው ያልጫነ?»

«የጫነ።»

«ቡና ነው?»

«አልጠየቅኩትም።»

እስከ ምሳ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ገንዘብ ያዡ የጫነ አህያ በረካ ነው፣ ቋንቋው ይጸድቃል አለ። ጸሐፊዋ አህያ ቀርፋፋ ስለሆነ ፕሮግራሙ ይቀረፍፋል አለች። የሁሉንም ፍቺ ሰምተው ሲያበቁ ጋሽ ታደሰ ከምሳችን እጃቸውን አነሱና «ልጄ፣ የሰገድሽው ይገራልኝ ብለሽ አይደል? ታዲያ ሳንሞክረው መግራቱን በምን እናውቃለን? ጌራ እንውረድ» አሉኝ።

ለሙከራ የምትሆን ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ፣ ከጌራና ከአጋሮ ጣቢያ አገናኝቼ ወረድን። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ እንደ ባለጌ ልጅ ማበላሸት ጀመሩ። ኪሎ መጻፊያው ላይ «ታደሰ» ብለው ጻፉ። ቀኑ ላይ ያልተወለደ ወር አስገቡ። መሐል ላይ ሳሉ ገመድ ነቀሉ።

«ወደቀ?»

«ወደቀ።»

«ተነሳ?»

«ተነሳ። አጋሮም አልሰማም።»

ደግመው ነቀሉ። «አሁንስ?»

«ተነሳ።»

«ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ፣ በየደቂቃው ፋሲካ!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ከድር ያን ጊዜ አዲስ መዛኝ ነበር፤ እሱም ሳይገባው አብሮ ሳቀ። በመመለሻችን ጋሽ ታደሰ መስኮቱን እያዩ «እኔ ጡረታ ልወጣ ነው፤ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። የምትወጂውን ጠብቂ» አሉኝ። እሺታቸው ይህ ነበር። አቶ ነዚፍም ሁለት ልጆች ቋንቋውን ካስተማርኩለት በሚል ቃል ፈረመ።

ፕሮግራሙን ስጽፈው እያንዳንዱን ክፍል በምናውቀው ስም ጠራሁት። ኪሎ የሚቀበለው «መዛኝ» ነው። የወደቀውን የሚያስነሳው «ሽማግሌ» ነው። ከሽማግሌው በላይ ሌላ ሽማግሌ አለ፤ ምክንያቱም በዚህ ቋንቋ ሕግ ሽማግሌም ይሰለቸዋል። አንዱ ሠራተኛ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ከወደቀ «እኔ አልቻልኩም» ብሎ ሽማግሌው ራሱ ይወድቅና ነገሩን ወደ በላዩ ያሳልፋል። የበላዩም ከሰለቸው ቤቱ በሙሉ ይፈርሳል። እኔ ይህን አነበብኩ፤ ገባኝም፤ ግን ማን ሽማግሌን እስከዚያ ያሰለቻል ብዬ አለፍኩት።

ሁለት የመኸር ወቅት እንደ ውሃ ፈሰሰ። በሦስተኛው፣ ቡናው በቀላበት አርብ፣ ስልኬን ለሶላት አጥፍቼ ስከፍተው በጥሪ መንቀጥቀጡን አላቆመም። ከጌራ እስከ ሊሙ ሁሉም ጣቢያ ወድቋል። አስነሳሁት፤ በዓይኔ ፊት ወደቀ። ደግሜ አስነሳሁት፤ ወደቀ። የማይነሳው ነገር ከጌራ የሚመጣ መሆኑን ሳይ ጌራን ከመስመሩ ቆርጬ ሌሎቹን አስነሳሁ። እነሱ ቆሙ። ጌራ ግን ብቻውን ቀረ፤ ስልክም አይሠራም። በመኸሩ መሐል፣ ግቢ ሙሉ እሸት ቡና ይዞ።

የጌራ ሰው በወረቀት መዝግቦ እንዳይቀበል የከለከልነው እኛ ነን፤ ድሮ በወረቀት ብዙ ጭቅጭቅ ነበርና ያለ ሲስተሙ ደረሰኝ አንድ ኪሎ እንዳይገባ ብለን ነበር። ሚዛኑም ቁጥሩን የሚያሳየው በታብሌቱ ላይ ነው። አሮጌው ሚዛን ተነቅሎ ተወስዷል። ይህንን ሁሉ መኪና ውስጥ ሆኜ አንድ በአንድ አሰብኩት። አቶ ነዚፍ ከጎኔ ተቀምጦ ሙሰበሃውን፣ መቁጠሪያውን፣ ይቆጥራል። ከአጋሮ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ፒካፑ ይንሸራተታል። ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ «ዘይነባ» አለኝ።

«አቤት።»

«አሁን ነው የሚነሳው?»

እኔ ያ ሁሉ ቡና ቢበላሽ የማን ቤት ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ነበር። ዱዓ ማድረግ እንኳ አፈርኩ፤ ባልተጠነቀቅኩበት ነገር ምን ብዬ ልለምን?

ግቢው ስንገባ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። መፈልፈያው ማሽን ይሽከረከራል። ቀይ ገለባው በአንድ በኩል ይወርዳል፤ ፍሬው በውሃ ተገፍቶ ገንዳ ይገባል። ሚዛኑ ላይ ማንም የለም። ገበሬዎቹ ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ከድር ሲያየን ታብሌቱን እንደ ሕመምተኛ ልጅ አቅፎ መጣ።

«አዴ፣ ወላሂ እኔ ምንም አላደረግኩም። የመስጊዱን ቡና ብቻ ነው የጻፍኩት።»

ነገሩ ይህ ነበር። የሰፈሩ መስጊድ ጣሪያ ስላፈሰሰ እያንዳንዱ ገበሬ ከለቀመው ላይ አንዳንድ ዘንቢል ለይቶ ለጣሪያው ሰጠ። ተደምሮ ጆንያ ሞላ። ከድር መዘነው። ባለቤት የሚል ቦታ ላይ ሲደርስ ተቸገረ፤ የባለቤት ቁጥር የለውም።

«የአንዱን ገበሬ ቁጥር ብትሰጠውስ ምን ነበረበት?» አልኩት።

«አዴ! የአላህን ሐቅ በሰው ስም ልጻፍ?»

እሱ «ፊ ሰቢሊላህ» ብሎ ነበር የጻፈው፤ በአላህ መንገድ የተሰጠ። ፕሮግራሜ ይህን ስም ይዞ ከገበሬዎቹ መሐል ፈለገ። አጣና ወደቀ። ሽማግሌው አነሳው። ያልተመዘገበው ጆንያ ደግሞ ወረፋውን ይዞ ይጠብቃልና ያንኑ ስም መልሶ ሰጠው፤ ወደቀ። አነሳው፤ ወደቀ። ሽማግሌው ሰለቸው፤ የበላዩም ሰለቸው። ከጌራ እስከ ሊሙ ያለው ቡና ሁሉ በአንድ የሰደቃ ጆንያ ቆመ።

አቶ ነዚፍ ታብሌቱን ተቀብሎ አነበበው። ከዚያ እኔን አየኝ። «በቀን አምስት ጊዜ ትሰግጃለሽ» አለ። «ለቋንቋው ኢስቲኻራ ሰግደሻል። ፕሮግራምሽ ግን አላህን አያውቀውም!»

መጀመሪያ የሳቀው ከድር ነው፤ ከዚያ አጥሩ ሥር ያሉት፤ ከዚያ እሱ ራሱ። እኔ የሳቅኩት ጅማ ገብቼ፣ ባለቤት የሌለው ቡና የሚገባበት ቦታ ከሠራሁና ደጋግሞ የሚጥል መዝገብ ወደ ጎን ተለይቶ እንዲቀመጥ ካደረግኩ በኋላ ነው። ለጋሽ ታደሰ ደውዬ ስነግራቸው «ኪሎውን አበላሸሁ፣ ቀኑን አበላሸሁ፣ ባለቤቱን ለማበላሸት አላሰብኩም!» ብለው አዘኑ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቦታ የቤተ ክርስቲያን ስእለትም፣ የዕድር ቡናም ገብቶበታል።

አቶ ነዚፍ የፈራው ግን ደረሰ፤ በፈራው መንገድ ብቻ አይደለም። እኔ አልታመምኩም። ቋንቋውን ያስተማርኳቸው ሁለቱ ልጆች፣ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ አንዱን አዲስ አበባ፣ አንዷን ባሕር ማዶ ነጠቁን። የታወቀውን ቋንቋ ባስተምራቸው ኖሮ እስከ ዛሬ ጅማ ነበሩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቢሮው ሰዎች ደጋግመው ይደውሉልኛል። «አዴ፣ ወደቀ።» «ተነሳ?» «ተነሳ።» «ታዲያ ለምን ደወላችሁ?» «እንዲያው፣ ፈራን።» የማያውቁትን ነገር ሰው ይፈራዋል፤ አልፈርድባቸውም። ደግሜ ብመርጥ ያንኑ እመርጣለሁ፤ አቶ ነዚፍም ደግሞ ቢቃወመኝ ልክ ነው።

አሁን ሲስተሙን የሚተኩት አዲሶቹ ልጆች ቢሮ ጠርተውኝ ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ በምን ቋንቋ እንደሚጽፉት ገና አልወሰኑም። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዷ ልጅ ግን «ሲስተሙ ጨርሶ ሲወድቅ ጣቢያው ምን ማድረግ አለበት?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የሚያውቁት የጌራ ሰዎች ናቸው። ያን አርብ ጌራ ያ ሁሉ ቡና ሳይመዘን ማሽን ገባ። በማግስቱ እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን ኪሎ በአፉ ተናገረ፤ ከድር መዘገበ። ቡናው ደርቆ ሲመዘን ከተነገረው ጋር አልተጣላም። አቤት ያለ ሰው የለም። እንዴት እንደተስማሙ ከድርን ስጠይቀው «ተስማማን ነዋ» ብሎ ይስቃል። ከእሱ ሌላ ነገር አላወጣሁም።

ስለዚህ ያን አርብ ጌራ ግቢ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ። ሳይመዘን ይግባ ብሎ መጀመሪያ አፉን የከፈተው ማን ነው? እምቢ ያለስ ነበር ወይ? ምን ተባለና እሺ አለ? ማን ስንት እንዳመጣ በምን ያዛችሁት? እኔ ያን ሰዓት መንገድ ላይ ነበርኩ። ጅማ ስትወጡ ወደ ቢሮው ጎራ በሉና ለልጆቹ ንገሯቸው፤ እነሱ ቋንቋ ከመምረጣቸው በፊት።